ደንጊ፣ ወባ ወይስ ቺኩንጉንያ? በየትኛው ቀን የትኛውን የደም ምርመራ እንምረጥ

ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ድሬዳዋ። ዝናቡ ሲያባራ፣ ሙቀቱ ሲመለስና ትንኙ ሲፈላ በመስኮቴ በኩል በቀን ስንቴ እንደምሰማው ያልቆጠርኩት ነገር «ሁሉንም መርምሩኝ በቃ» የሚለው ነው። ባጃጅ ነጂውም፣ ከአሸዋ ገበያ የመጣችው ነጋዴም፣ ተማሪውም ያው ነው። ሁሉንም! ሁሉንም የሚባል ምርመራ ግን የለንም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ትኩሳቱ የጀመረው መቼ ነው?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። «ሰሞኑን» ይላል። «ሰሞኑን» ለእኔ ምንም አይነግረኝም። አንዲት እናት ግን ልጇን አቅፋ መጥታ «ማክሰኞ ማታ ነው፣ መብራት የጠፋ ጊዜ፣ ሻማ ስፈልግ ግንባሩን ነካሁት» አለችኝ። አብረን ቆጠርን። ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ያቺ መብራት መጥፋቷ ከአንድ ምርመራ በላይ ጠቀመችን፤ ምክንያቱም ደንጊ በቀን የሚሄድ በሽታ ነው። በሁለተኛው ቀን የሚያሳየው ምርመራ በስምንተኛው ቀን ዝም ይላል፣ በስምንተኛው የሚጮኸው ደግሞ በሁለተኛው ምንም አያውቅም።

ከታች የምጽፈው ገንዘብ ቆጥረው ለሚመረመሩ ሰዎች ነው። የትኛውን እናስቀድም፣ የትኛውን እንተው፣ ወረቀቱ ሲወጣስ ምን እንይ። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት የሚያዝላችሁ ሐኪም ነው። ደሙን የማየው ግን እኔ ነኝ።

ሦስቱም የእኛው ከተማ ናቸው

ደንጊ በኢትዮጵያ በወረርሽኝ ደረጃ መጀመሪያ የተመዘገበው እዚሁ ድሬ ነው። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ፣ በፈረንጆቹ 2013 ማለት ነው። ያኔ ስሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። አንዱ ወባ ነው ይላል፣ ሌላው ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ያሻል።

በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ መጣ። በጥቂት ወራት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልጋ ላይ ጣለ። ስሙ ከማኮንዴ ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ የሚያጎብጥ፣ የሚቆልም እንደማለት። ያንን ሰሞን ከዚራ ጥላ ሥር የሚሄደውን ሰው ያየ ትርጉሙን መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ግድግዳ እየደገፈ ደረጃ ይወርድ ነበር።

ከዚያ ወባ። እኛ ድሬዎች ወባን የገጠር በሽታ አድርገን ነበር የምናስባት። በ2014 ዓ.ም. ግን ከተማው ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ጭምር፣ ወረርሽኝ ተነሣ። ጉዳዩ ሲመረመር አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ እጇ አለበት ተባለ። ይቺ ከእስያ በኩል የመጣች ናት። የድሮዋ የወባ ትንኝ ኩሬና ረግረግ ትወዳለች፤ ይቺኛዋ ግን ከተሜ ናት። በርሜል፣ ሮቶ፣ ግንባታ ቦታ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕታይም የምትፈለፈለው እዚያው በርሜል ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል የሌለው ቤት የት አለ? አንድ በርሜል ሦስቱንም ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ነው «ባለፈው ወባ ነበር፣ አሁንም ወባ ነው» የሚለው ግምት እዚህ ከተማ የማይሠራው።

ሰውነታችሁ ምን እያለ ነው?

ደንጊ በድንገት ነው የሚመጣው። ጠዋት ሥራ የሄደ ሰው ከሰዓት አልጋ ላይ ነው። ትኩሳቱ 39 እና 40 ይደርሳል። ራስ ምታቱ ግንባርና ዓይን ጀርባ ላይ ይሆናል፤ ብዙዎቹ ሳልጠይቃቸው «ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር ያመኛል» ይሉኛል። ወገብ፣ ጡንቻ፣ አጥንት ሁሉ ይቆረጣጠማል። ምግብ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ሽፍታው ቶሎ አይታይም፣ ስለዚህ «ሽፍታ የለኝም፣ ደንጊ አይደለም» አትበሉ።

ቺኩንጉንያም እንዲሁ ድንገተኛና ኃይለኛ ትኩሳት ነው። ልዩነቱ መገጣጠሚያው ላይ ነው። ቁርጭምጭሚት፣ የእጅ አንጓ፣ የጣት መገጣጠሚያ ሳይቀር፣ ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል እኩል ያማል፣ ያብጣልም። አንዷ ደንበኛችን «ጀበና ማንሳት አቃተኝ፣ ቡናውን ልጄ ነው የሚቀዳው» ብላኝ ነበር። ደንጊ ሰውነትን ያደቅቃል እንጂ መገጣጠሚያ አያሳብጥም። ደግሞ የደንጊ ሕመም ከትኩሳቱ ጋር ይሄዳል፤ የቺኩንጉንያ የመገጣጠሚያ ሕመም ለሳምንታት፣ አንዳንዱ ላይ ለወራት ይቆያል።

ወባ? ብርድ ብርድ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ በላብ መጠመቅ፣ ከዚያ ቀለል ይልና እንደገና። በድሬ ቀትር ብርድ ልብስ ደርቦ ጥርሱ የሚንገጫገጭ ሰው ካያችሁ ወባን ማሰባችሁ ልክ ነው። ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወባም እንደ መጽሐፉ አትመጣም። ዝም ብላ ትኩሳትና ራስ ምታት ብቻ ልትሆን ትችላለች።

ትንኟ የነከሰችበት ሰዓትም ትንሽ ይረዳል። ኤደስ የቀን ተናካሽ ናት፤ በተለይ ጠዋት በማለዳና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሊገባ ሲል። እግርና ቁርጭምጭሚት ትወዳለች። ከሰዓት በርጫ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ፣ እግሩን አጣጥፎ ለሰዓታት ለሚቀመጠው የድሬ ሰው ይሄ ወሬ ደስ አይለውም። አልጋ ላይ አጎበር መስቀል ለማታዋ ትንኝ እንጂ ለዚቺ ብዙም መልስ አይደለም። ሌላም አለ፤ ጫት ምግብ ይዘጋል፣ አፍ ያደርቃል፣ ድካሙንም ለጊዜው ይደብቃል፤ ስለዚህ ታማችሁም ምርቃና ላይ ከሆናችሁ በሽታው ምን ያህል እንደገፋ ራሳችሁም አታውቁትም።

እውነቱን ለመናገር ግን በምልክት ብቻ ሦስቱን መለየት ለሐኪምም ከባድ ነው። ወደ ደሙ እንሂድ።

የመጀመሪያው ምርጫ ወባ ነው፣ ሁሌም

ደንጊ ቢመስላችሁም፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደንጊ ይዞት ቢሆንም፣ ወባን መጀመሪያ ተመርመሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወባ መድኃኒት አላት። ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ደግሞ ከዘገየ ይገድላል። ደንጊ የራሱ መድኃኒት የለውም፤ አንድ ሰዓት ቀድሞ ስሙን ማወቅ ሕክምናውን ብዙ አይቀይረውም። ወባ ላይ ግን ይቀይራል።

እዚህ ሁለት አማራጭ አላችሁ። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ብለድ ፊልም እና ሩብ ሰዓት ገደማ የሚፈጀው አርዲቲ፣ ያ የእርግዝና መመርመሪያ የሚመስለው ኪት። እኔ ብለድ ፊልም እመርጣለሁ፤ የሚያየው ሰው ካልቸኮለ። ኪቱ የሚፈልገው ጥገኛው የሚያወጣውን ፕሮቲን ነው። አገራችን ውስጥ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው የፋልሲፓረም ዝርያዎች ተገኝተዋል፤ እነሱ በፕሮቲኑ ብቻ በሚሠራ ኪት ላይ ኔጌቲቭ ሆነው ያልፋሉ። ማይክሮስኮፕ ግን ጥገኛውን ራሱን ነው የሚያየው። አንዱ ፊልም ኔጌቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ካልለቀቀ በማግስቱ ይደገም። ይሄን ስል ሰዎች ገንዘብ ፍለጋ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ጥገኛው ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ለማንም ሊያመልጥ ይችላል።

አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ እንደሚችልም አትርሱ። ወባ ፖዘቲቭ ወጣ ማለት ደንጊ የለም ማለት አይደለም። በርሜሉ አንድ ነው ብያችኋለሁ።

የደንጊ ኪቶች፦ በቀናቸው ካልሆነ ገንዘብ ማባከን ነው

ኤንኤስ ዋን የሚባለው ኪት የደንጊ ቫይረስ ራሱ ደም ውስጥ የሚለቀውን ፕሮቲን ይፈልጋል። ከትኩሳቱ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ነው ጥሩ የሚሠራው፤ ከዚያ ይደክማል። ፖዘቲቭ ከሆነ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለውም። ኔጌቲቭ ከሆነ ግን በደስታ አትዝለሉ። በተለይ ከዚህ በፊት ደንጊ ይዟችሁ ከነበረ ሰውነታችሁ በድሮው ፀረ እንግዳ አካል ቶሎ ስለሚሸፍነው ኪቱ ሊያየው አይችልም።

አይጂኤም ተቃራኒው ነው። ሰውነት ለቫይረሱ የሚሰጠው መልስ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። ከአራተኛና ከአምስተኛው ቀን በኋላ ብቅ ይላል፣ ከዚያም እስከ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛ ቀኑ ላይ ላለ ሰው አይጂኤም መሥራት ያልተጣደ ድስት ገልጦ ማየት ነው። ደግሞ ፖዘቲቭ ቢሆንም የአሁኑን ትኩሳት ላይሆን ይችላል፤ የዛሬ ሁለት ወር በቀላሉ ያለፈውን ደንጊ ሊሆን ይችላል። ቢጫ ወባና መሰል የቅርብ ዘመድ ቫይረሶችም፣ የቢጫ ወባ ክትባት ጭምር፣ ሊያምታቱት ይችላሉ።

አይጂጂን፣ ያን ቆይቶ የሚቀረውን ፀረ እንግዳ አካል፣ ለብቻው ከሆነ ተዉት። አንዴ ደንጊ የያዘው ሰው አይጂጂውን ለዓመታት ይዞ ይኖራል። በ2006ቱ ወረርሽኝ ልጅ የነበረ፣ ዛሬ በጉንፋን ቢመጣም አይጂጂው ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ጥቅም አለው። በትኩሳቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ብሎ ከታየ ይሄ ለሰውየው ሁለተኛ ደንጊው ሊሆን ይችላል ያሰኛል፤ ደንጊ አራት ዓይነት ነው፣ በአንዱ ተይዞ በሌላው የሚደገም ሰው ደግሞ ለከባዱ መልክ የበለጠ ተጋላጭ ነው። የድሬ ሰው ይሄን ልብ ይበል። «አንዴ ይዞኝ ስለነበር አልፈራውም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ነገሩ የተገለበጠ ነው።

ፒሲአርም አለ። ወረርሽኝ ሲጠረጠር ናሙናው አዲስ አበባ፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። ለከተማው ጥሩ ነው። ለእናንተ ለዛሬው አዳር ግን አይደርስላችሁም።

ኪሳችሁ ከጠበበ እንግዲህ የእኔ ምክር ብዙ ሰው ከሚጠብቀው የተለየ ነው። አንዴ ከሚሠራ የደንጊ ኪት ይልቅ፣ በሁለት ተከታታይ ቀን የሚሠራ ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴሎች ቆጠራ፣ ይሻላል። ኪቱ ስም ይነግራችኋል። ሲቢሲው አደጋ እየመጣ መሆኑን ይነግራችኋል። ደንጊ ላይ የሚያድነው ሁለተኛው ነው።

ወረቀቱን ማንበብ

ሲቢሲ ማሽኑ የሚተፋው ረጅም ወረቀት ነው። ሃያ ምናምን ቁጥር አለበት፤ ሦስቱን ብቻ ፈልጉ። ነጭ የደም ሴል፣ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው)፣ ሄማቶክሪት።

መጀመሪያ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ቁጥሮቹ በሺህ ተቆርጠው ነው የሚጻፉት። አንድ ልጅ የአባቱን ወረቀት ይዞ ላብ በላብ ሆኖ «ፕላትሌቱ 160 ብቻ ቀርቷል፣ ጓደኛዬ ከ150,000 በታች ከሆነ አደገኛ ነው ብሎኛል» ብሎኝ ያውቃል። 160 ማለት 160,000 ነው ስለው መጀመሪያ አላመነኝም፣ ከዚያ እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ጤነኛ ሰው ከ150,000 እስከ 450,000 ይኖረዋል። ነጭ የደም ሴልም እንዲሁ፤ 2.6 ካለ 2,600 ነው። ጤነኛው በግምት ከ4,000 እስከ 11,000።

ደንጊ መጀመሪያ የሚነካው ነጩን ነው። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ከ4,000 ወርዶ ታገኙታላችሁ። ይሄ ጥሩ ፍንጭ ነው፤ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ነጩን ከፍ ያደርጋል፣ ደንጊ ግን ያወርደዋል። በማይክሮስኮፕ ሳየው ደግሞ መልካቸው የተለወጠ፣ ትላልቅና ሰፋፊ ሊምፎሳይቶች፣ አንዱ የነጭ ሴል ዓይነት፣ ይታዩኛል። ቀጥሎ ፕላትሌቱ ይወርዳል። ከ100,000 በታች ሲሆን ሐኪሙ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

ግን ፕላትሌት ብቻውን ደንጊን አይለይም! ወባም ፕላትሌትን ታወርዳለች፣ አንዳንዴ ከደንጊ ባልተናነሰ። ቺኩንጉንያም ትንሽ ያወርደዋል፤ እሱ ይበልጥ የሚያጠቃው ሊምፎሳይቱን ነው። እዚህ ጋ ነው ሄማቶክሪቱ የሚገባው። ሄማቶክሪት ከደማችሁ ውስጥ ቀይ ሴሉ ስንት በመቶ እንደያዘ ነው። ወባ ቀይ ሴል ስለምታፈነዳ ይሄ ቁጥር ይወርዳል። ከባድ ደንጊ ግን የደም ሥሩን ግድግዳ አሳስቶ ፈሳሹ ወደ ሆድና ወደ ሳንባ ዙሪያ እንዲያፈስ ያደርጋል፤ ቀይ ሴሉ በቦታው ቀርቶ ውሃው ስለሚወጣ ደሙ እንደቆየ ወጥ ይወፍራል። ቁጥሩ ይወጣል። ቺኩንጉንያ ብዙውን ጊዜ እንዲህ አያደርግም።

በምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ጎልማሳ በሦስተኛው ቀን መጣ እንበል። ነጭ 3.1፣ ፕላትሌት 148፣ ሄማቶክሪት 42። ምንም አያስደነግጥም። በአራተኛው ቀን ነጭ 2.4፣ ፕላትሌት 96፣ ሄማቶክሪት 44። ይታሰብበት። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው፣ «ተሻለኝ» ብሎ ሊቀር ነበር፣ ሚስቱ ጎትታ አመጣችው። ነጭ 2.8፣ ፕላትሌት 41፣ ሄማቶክሪት 51። ከ42 ወደ 51 ማለት ከመነሻው ከ20 በመቶ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ይሄ ሰውዬ የደሙ ፈሳሽ ከደም ሥሩ እየወጣበት ነው፣ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ። ቆሞ ይሄዳል፣ ያወራል፣ ግን ሆስፒታል መግባት ያለበት ዛሬ ነው።

51 የሚለውን ብቻውን ብታዩት ለወንድ ሰው ያን ያህል የሚያስጮህ አይደለም። አስፈሪ ያደረገው 42 ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ወረቀት አትጣሉ የምለው። ከተቻለም እዚያው ላብራቶሪ፣ እዚያው ማሽን ላይ አሠሩ፤ ከማሽን ማሽን ትንሽ ይለያያል።

ደግሞ ፕላትሌት በጣም ወርዶ ሰውየው ግን ደህና ከመሰለ ስላይድ አሠርቶ ማየት ይገባል። አንዳንዴ ደሙ ቱቦው ውስጥ ሲጓጉል ፕላትሌቶቹ ተያይዘው ይጠቀለሉና ማሽኑ እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። በመርፌ ሰው ከማስጨነቅ አንድ ስላይድ ማየት ይቀላል።

የጉበት ምርመራም ከታዘዘላችሁ፣ ኤኤስቲና ኤኤልቲ ከፍ ብለው ብታገኙ ደንጊ ላይ የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ኤኤስቲው ይበልጣል። ሲያገግሙ ደግሞ ነጩ ነው ቀድሞ የሚነሣው፣ ፕላትሌቱ ከኋላ ይከተላል። ነጩ ሲወጣ ሳይ እኔ በበኩሌ ትንፋሼ ይመለሳል።

ዊዳልስ?

«ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ ተባልኩ።» ይሄንን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ዊዳል፣ ያ የታይፎይድ ምርመራ፣ ለአንዴ ተሠርቶ ፖዘቲቭ ቢወጣ አሁን ታይፎይድ ይዟችኋል ለማለት አይበቃም፤ የድሮ ኢንፌክሽንም ሌላ ትኩሳትም ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። የታይፎይድ ትኩሳት ቀስ እያለ በቀናት ውስጥ ነው ደረጃ እንደሚወጣ ሰው የሚወጣው፤ እንደ ደንጊ በአንድ ከሰዓት አይጥልም። ትኩሳታችሁ ሁለተኛ ቀኑ ላይ ከሆነና ገንዘባችሁ ለአንድ ምርመራ ብቻ ከበቃ፣ ለዊዳል አታውሉት።

ክንድ ላይ የሚሠራው ነፃ ምርመራ

የደም ግፊት መለኪያ ካለ ደንጊን የሚጠቁም ይሄ ምርመራ ይሠራል። የላይኛውና የታችኛው ግፊት መሀል ላይ ይነፋል፤ 120 በ80 ከሆነ 100 ላይ። አምስት ደቂቃ ይያዛል። ከዚያ ይለቀቅና ትንሽ ቆይቶ ክንዱ ላይ በጎን 2.5 ሴንቲሜትር የሆነች አራት ማዕዘን ይታሰብና የቀይ ነጥቦቹ ቁጥር ይታያል። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፖዘቲቭ ይባላል። አንድ ባጃጅ ነጂ ላይ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ክንዱ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ። «አቦ ምንድን ነው ያደረጋችሁኝ?» አለ። ኔጌቲቭ ቢሆን ግን ደንጊ የለም አይባልም። ለፍንጭ ብቻ ነው።

ዲክሎፌናክ ወይስ ፓራሲታሞል?

እዚህ ላይ ምርጫ የለም፤ ፓራሲታሞል ነው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን ደም መፍሰስን ያባብሳሉ፣ ጨጓራንም ይጎዳሉ። ቺኩንጉንያ ነው ብላችሁ ብታምኑም እንኳ ደንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ አትንኩ።

እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። ሙያው የእኔ ሆኖ! ከጥቂት ዓመታት በፊት ወገቤ ሊቆረጥ ሲል አንድ ክሊኒክ ገባሁ፣ ስሙ ይቅር። ማን ምን ሳይጠይቀኝ ዲክሎፌናክ መርፌ ተወጋሁ። እኔም አልጠየቅሁም፤ ሕመም ላይ ሆኖ ማን ይጠይቃል? ለሦስት ሰዓት ንጉሥ ነበርኩ። ማታ ጥርሴን ስፍቅ መፋቂያው ቀይ ሆነ። በማግስቱ ደሜን ራሴ ቀድቼ ማሽኑ ላይ አደረግሁት። ፕላትሌት 38። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚመጣ ሁሉ «መርፌ ተወግተሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ፓራሲታሞልም ቢሆን በልኩ ነው፤ ጉበቱ ቀድሞውኑ የተነካ ስለሆነ ትኩሳቱ አልወርድ ባለ ቁጥር መደራረብ አያስፈልግም። በእርጥብ ፎጣ ሰውነትን ማበስ ይረዳል።

ቤት ወይስ ሆስፒታል፣ መጠጣት ወይስ ግሉኮስ

ብዙ ሰው ደንጊን በቤቱ ያልፈዋል። መጠጣት ከቻለ፣ ሽንቱ በየጊዜው ከመጣ፣ ደም ከሌለ፣ በየቀኑ ሲቢሲ ማሠራት ከቻለ ቤት ይበቃዋል። ኦአርኤስ፣ ጭማቂ፣ አጥሚት፣ ሾርባ፤ የአብሽ ውሃም ቢሆን፣ የሚወርድለትን ይጠጣ። ቀይና ጥቁር ለስላሳ ግን ለዚህ ሳምንት ይቅር፤ ቢያስመልሰው ደም ይሁን መጠጡ መለየት ያቅታል።

«ግሉኮስ ስቀሉልኝ» የሚለው ሌላው የድሬ ፍቅር ነው። መጠጣት ለሚችል ሰው አያስፈልግም። የደም ሥሩ ለሚያፈስ ሰው የሚያስፈልገው ደግሞ ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ላክቴት ነው፣ እሱም በልክ ተቆጥሮ። ሲበዛ ያው ፈሳሽ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል።

አሁን ዋናው። ትኩሳቱ የለቀቀበት ቀን የመዳኛ ቀን ላይሆን ይችላል። ደንጊ ከባዱን ሥራውን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆያል። ሰው ሥራ የሚመለሰውም በዚሁ ቀን ነው። ሌላውን ምርመራ ሁሉ ብትዘሉ የዚያን ቀን ሲቢሲ አትዝለሉ።

የሚከተለውን ካያችሁ ደግሞ ሲቢሲም አትጠብቁ። ኃይለኛና የማይለቅ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ ሬንጅ የመሰለ ሰገራ፣ እጅና እግር ቅዝቅዝ ማለት፣ መቁነጥነጥ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ሽንት አለመሽናት። ድል ጮራ ሆስፒታልም ሳቢያን ሆስፒታልም ሩቅ አይደሉም፣ ባጃጅ ጥሩ። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አረጋዊ፣ ስኳር ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው ደግሞ እነዚህን ምልክቶች ሳይጠብቅ በመጀመሪያው ቀን ይታይ።

በሽተኛው ቤት ከተኛ፣ ቀን ቀንም አጎበር ውስጥ ይሁን። ትኩሳቱ ባለበት ጊዜ ደሙ ውስጥ ቫይረሱ አለ፤ የነከሰችው ኤደስ ከእሱ ወስዳ ለልጆቹ ታደርሳለች።

ሲቢሲ ማሠራቱን የሚያቆመው ሐኪሙ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት 48 ሰዓት ያለ ትኩሳት ከቆያችሁ፣ ምግብ ካማራችሁ፣ ሄማቶክሪቱ ከረጋና ፕላትሌቱ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ ነው። በዚያ ሰሞን መዳፍና የእግር ውስጥ አጥብቆ ሊያሳክክ ይችላል። ያቺ ማክሰኞ ማታ የታመመው ልጅ እናት በዘጠነኛው ቀን ተመልሳ የመጣችው ለዚሁ ነው። «እጁን ሌሊቱን ሙሉ ሲያክክ አደረ፣ ሌላ በሽታ ነው እንዴ?» አለችኝ። ፕላትሌቱ 187 ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ አርጊለት አልኳት።